የፍትሐ ብሔር ጠበቃ ስለመሆን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ስለ ሙያዬ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። ግማሾቹ ሕግ ለመማር ከሚያስቡ ወጣቶችና ከወላጆቻቸው ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ክስ ከገጠማቸውና ጠበቃ ለመያዝ ከሚያስቡ ሰዎች። ለሁለቱም እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ። የአንዳንዱ መልስ አጭር ነው፣ አንዳንዱ ላይ ግን ቆየት እላለሁ፤ ምክንያቱም ሰው በብዛት ተሳስቶ የሚገምተው እዚያ ላይ ነው።

ለመሆኑ የፍትሐ ብሔር ጠበቃ ሥራው ምንድን ነው?

ሰው ከሰው፣ ሰው ከድርጅት፣ ወይም ድርጅት ከድርጅት ሲጣላ፣ ጠቡም እስር ቤት የሚያስገባ ሳይሆን "ክፈለኝ፣ መልስልኝ፣ ልቀቅልኝ፣ እንደ ውላችን ፈጽምልኝ" የሚያሰኝ ሲሆን ጉዳዩ ወደ እኛ ይመጣል። ያልተከፈለ ብድር፣ የፈረሰ ውል፣ የውርስ ክፍፍል፣ የቤት ይገባኛል፣ የመኪና አደጋ ካሳ፣ በሕክምና ስህተት የደረሰ ጉዳት፣ ከሥራ መባረር፣ የሸሪኮች ጠብ። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም።

ትንሽ የምትመስል ጉዳይ የት ልትደርስ እንደምትችል ለማየት የስኮትላንዷን ሴት ታሪክ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1928 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጓደኛዋ የጋበዘቻትን ለስላሳ እየጠጣች ሳለ ከጠርሙሱ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ እንደወጣና በዚያም እንደታመመች ተናገረች። ችግሩ፣ መጠጡን የገዛችው ራሷ ስላልነበረች ከማንም ጋር ውል አልነበራትም። ጠበቆቿ ግን ሻጩን ትተው ፋብሪካውን ከሰሱ። ክሱ በ1932 የብሪታንያ ከፍተኛው ችሎት ዘንድ ደርሶ፣ አምራች ምርቱን መጨረሻ ላይ ለሚጠቀመው ሰው መጠንቀቅ አለበት የሚል ፍርድ ተሰጠ። ዛሬ የተበላሸ ዕቃ ጎድቶን ካሳ ስንጠይቅ ብዙ አገሮች ውስጥ የምንቆመው በዚያ ፍርድ ላይ ነው። እኔ ይህን ጉዳይ የምወደው ጠበቆቹ "ውል የለሽም" ብለው ስላልመለሷት ነው። ሌላ በር ፈለጉላት።

ከወንጀል ጠበቃ በምን ይለያል?

በወንጀል ከሳሹ መንግሥት ነው፤ የሚጠየቀውም ቅጣት ነው። በፍትሐ ብሔር ከሳሹ ተጎዳሁ ባዩ ራሱ ነው፤ የሚጠይቀውም ገንዘብ ወይም መብት ነው። የማስረጃው ክብደትም ይለያያል። ለምሳሌ የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት በሚከተሉ አገሮች ወንጀል ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ግን ሚዛኑ በትንሹም ቢሆን ወደ አንዱ ካደላ ያ ወገን ይረታል።

ለዚህ ነው አንድ ሰው በወንጀል ነጻ ወጥቶ በዚያው ድርጊት በፍትሐ ብሔር ሊሸነፍ የሚችለው። አሜሪካዊው ኦ ጄ ሲምፕሰን በ1995 ከግድያ ክስ ነጻ ተባለ። በ1997 ደግሞ የሟቾቹ ቤተሰቦች ባቀረቡት የካሳ ክስ 33.5 ሚሊዮን ዶላር ክፈል ተባለ። ሁለቱ ፍርዶች የተጋጩ ይመስላሉ እንጂ አልተጋጩም። የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነበር።

ምን መማር ያስፈልጋል? ስንት ዓመት ይፈጃል?

እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ በፈለጉት ሙያ ይይዛሉ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ሕግ ይማራሉ፣ ከዚያ ደግሞ የጥብቅና ፈተና አለ። ጀርመን ውስጥ ሁለት የመንግሥት ፈተናዎች አሉ፤ በሁለቱ መካከል በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግና በጠበቃ ቢሮ እየተዘዋወሩ ሁለት ዓመት ይሠራሉ። እንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ አዲስ ፈተና አምጥታለች፤ ከፈተናው ጋር የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ ውስጥ የሕግ ዲግሪው አምስት ዓመት ነው፤ ጥብቅና ለመቆም ደግሞ ከዲግሪው ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የትም ብትማሩ ግን አንድ ምክር አለኝ። የሥነ ሥርዓት ሕግን አትናቁት። ተማሪዎች የውል ሕግና የሕገ መንግሥት ክፍል ሲሆን ነቃ ይላሉ፣ ሥነ ሥርዓት ሲሆን ያንቀላፋሉ። ሥራ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትክክለኛው ፍርድ ቤት የቱ ነው፣ ማን ከማን ጋር ተጣምሮ ይከሰሳል፣ መልሱ እስከ መቼ ይገባል፣ ንብረቱ እስከ ፍርድ ድረስ እንዳይሸጥ እግድ እንዴት ይጠየቃል፣ የትኛው መቃወሚያ ገና ከመጀመሪያው ካልተነሳ ይቀራል። ጥሩ መብት ያለው ሰው በመጥፎ ሥነ ሥርዓት ሲሸነፍ አይቻለሁ፤ ከዚያ የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር ይህ ሙያ ውስጥ የለም።

ከዚህ በፊት ሌላ ሙያ ነበረኝ። አሁን ሕግ ብማር አይረፍድብኝም?

አይረፍድም። እንዲያውም ትጠቅማላችሁ። የሒሳብ ባለሙያ የነበረ ጠበቃ የሸሪኮች ጠብ ውስጥ ሲገባ መዝገቡን እንደ ጋዜጣ ያነበዋል። ነርስ የነበረች ጠበቃ የሕክምና ካርዱ ላይ የጎደለውን መስመር ወዲያው ታየዋለች። መሐንዲስ የነበረው የግንባታ ውል ሲመጣለት ሌላው ሰው ሦስት ሳምንት የሚፈጅበትን በሦስት ቀን ይረዳል።

ሌላ ሙያ ያልነበረውም ቢሆን ጉዳዩ ሲጠይቅ ይማራል። አብርሃም ሊንከን በሕይወቱ የተማረው መደበኛ ትምህርት ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም ነበር፤ ሕጉንም ብቻውን አንብቦ በ1836 ፈቃድ አገኘ። ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ከሃያ ዓመታት በላይ ጠበቃ ነበር፣ ከያዛቸው ጉዳዮችም አብዛኞቹ ተራ የዕዳ ክሶች ናቸው። በ1856 አንዲት የእንፋሎት መርከብ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከተሠራ የባቡር ድልድይ ጋር ተጋጭታ ተቃጠለች። ባለ መርከቦቹ የድልድዩን ባለቤቶች ከሰሱ፤ ሊንከን ለድልድዩ ቆመ። ችሎት ሲቀርብ ስለ ወንዙ ፍሰት ፍጥነትና ስለ አቅጣጫው፣ በድልድዩ ሥር በሰላም ስላለፉት መርከቦች ብዛት በቁጥር እየጠቀሰ ተከራከረ። ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) መስማማት ስላልቻለ ድልድዩ ባለበት ቆየ። ከንግግር ችሎታው ይልቅ የወንዙን ጠባይ ለማወቅ የደከመው ድካም ነው የሚገርመኝ።

ዓይናፋር ነኝ፣ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ይህ ሙያ ለእኔ ይሆናል?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ማኅተማ ጋንዲ ለንደን ተምሮ በ1891 የጥብቅና ማዕረጉን አገኘ። ቦምቤይ ውስጥ በያዘው የመጀመሪያ ጉዳይ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የወዲያኛው ወገን ምስክር የሚፈተንበትን ጥያቄ፣ ሊጠይቅ ቆመ። ጭንቅላቱ ዞረበት፣ አንድ ጥያቄ እንኳ አልወጣውም። ተቀመጠ፤ ክፍያውን እንደሚመልስና ሌላ ጠበቃ ቢያዝ እንደሚሻል ጉዳዩን ላመጣለት ወኪል ነገረው።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1893፣ ለአንድ ትልቅ የንግድ ክርክር ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ተከራካሪዎቹ ዘመዳሞች ነበሩ፤ ገንዘቡም 40 ሺህ ፓውንድ። ክርክሩ የሒሳብ ክርክር ስለነበር ቁጭ ብሎ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተማረ። ከዚያ ክሱ ሁለቱንም ቤት እያደኸየ መሆኑን አየና በግልግል ዳኛ እንዲጨርሱ አግባባቸው። የእሱ ወገን ረታ። ጋንዲ ግን እዚያ ላይ አላቆመም፤ ተሸናፊው በአንዴ ክፈል ቢባል እንደሚከስር ስለገባው፣ ደንበኛውን ለምኖ ክፍያው በረጅም ጊዜ እንዲከፋፈል አደረገ። አንደበቱ የተያዘበት ያ ወጣት ነው ይህን ያደረገው። ስለዚህ ዓይናፋር ከሆናችሁ አትፍሩ። ንግግር በልምምድ ይመጣል፤ ማድመጥና ማንበብ የማይወድ ሰው ግን ብዙ ይቸገራል።

ቀናችሁ በምን ያልፋል?

በማንበብ። ይህን ስል ሰው አያምነኝም፤ ሁሉም የሚያስበው ችሎት ቆመን ስንጮህ ነው። እውነቱ ግን ከሥራ ሰዓታችን አብዛኛው ወረቀት ላይ ያልቃል። ውል፣ ደረሰኝ፣ ኢሜይል፣ የባንክ መግለጫ፣ የቴሌግራም መልእክት፣ ቃለ ጉባኤ፣ የባለሙያ ሪፖርት። ካነበብን በኋላ በቀን ቅደም ተከተል እንደረድራለን። ማን መቼ ምን አለ፣ ማን መቼ ምን አወቀ። ይህ የቀን ሰንጠረዥ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ራሱ "እዚህ ጋ ነኝ" ይላል።

አንድ የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ እንደጀመርኩ የዕቃ አቅርቦት ውል ክርክር ያዝኩ። ዕቃው ዘግይቶ ደረሰ፣ ደንበኛዬ የመዘግየት ካሳ ጠየቀ። ደንበኛዬ ሁለት ካርቶን ወረቀት አመጣልኝና "የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ካርቶን ውስጥ ነው፣ ሁለተኛው ዝባዝንኬ ነው" አለኝ። አመንኩት። ሁለተኛውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ተውኩት። ችሎት ላይ የወዲያኛው ጠበቃ ቀስ ብላ ተነስታ አንዲት ገጽ ደብዳቤ አሳየችን፤ ደንበኛዬ ራሱ ፈርሞ የማስረከቢያውን ጊዜ ያራዘመበት ነበር። ግልባጩ ያ ያልከፈትኩት ካርቶን ውስጥ ነበር። ደንበኛዬ አልዋሸኝም፣ ረስቶታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ሊጎዳን የሚችለውን ወረቀት አምጡልኝ" ብዬ ነው። ይደነግጣሉ፤ በኋላ ግን ይገባቸዋል።

ከንባቡ ቀጥሎ መጻፍ ነው። ክስ፣ መከላከያ መልስ፣ አቤቱታ፣ ይግባኝ፣ ለወዲያኛው ወገን ማስጠንቀቂያ። ጥሩ ክስ አጭር ነው፤ ዳኛው አንብቦ ሲጨርስ ምን እንደተፈጠረና ምን እንደተፈለገ ሊያምታታው አይገባም። ከዚያ ምስክሮችን ማነጋገር አለ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ምስክርን ችሎቱ ምን እንደሚመስል ማስረዳት ይቻላል፣ ምን ብሎ እንደሚመሰክር ማስጠናት ግን ነውር ብቻ ሳይሆን ጥፋትም ነው።

መስቀለኛ ጥያቄስ?

አጭር፣ አንድ ፍሬ ነገር ብቻ የያዘ፣ "አዎ" ወይም "አይደለም" የሚያስብል። መልሱን የማታውቁትን አትጠይቁ። የፈለጋችሁትን ካገኛችሁ ደግሞ ተቀመጡ። አንዲት ተጨማሪ ጥያቄ ስንቱን አበላሽታለች።

ጉዳዮች ሁሉ ፍርድ ይሰጥባቸዋል?

አይሰጥባቸውም። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች በ1962 ከመቶ የፍትሐ ብሔር መዝገቦች 11.5 ያህሉ ሙሉ ክርክር ተሰምቶባቸው ይዘጉ ነበር። በ2002 ያ ቁጥር ወደ 1.8 ወረደ። የቀሩት በስምምነት፣ በመተው ወይም ገና ክርክሩ ሳይሰማ በዳኛ ውሳኔ ያልቃሉ። በሌላም አገር ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው በድርድር ነው።

ስለዚህ ዕርቅ ማምጣት ሽንፈት አይደለም። ደንበኛዬ ፊት ቁጭ ብዬ ብናሸንፍ ምን እንደምናገኝ፣ ብንሸነፍ ምን እንደምናጣ፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ከተፈረደልን በኋላስ አፈጻጸሙ ላይ ተከሳሹ የሚያዝ ንብረት አለው ወይ የሚለውን እደረድርለታለሁ። የመጨረሻውን ሰው ይረሳል። የሚከፍለው የሌለው ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ ወረቀት ነው። ከዚያ ውሳኔው የባለጉዳዩ ነው፤ እኔ አልወስንለትም። አንዳንዴ ገንዘቡ ሳይሆን ይቅርታ ብቻ ፈልጎ ዓመታት ሲከራከር የኖረ ሰው ይገጥማችኋል፤ ያን ገና በመጀመሪያው ቀን የጠየቀው ጠበቃ ቢኖር ስንት ድካም ይቀር ነበር።

ይርጋ የምትሉት ምንድን ነው? ለምን ታስፈራሩናላችሁ?

ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ ነው። ጊዜው ካለፈ እውነት ይዛችሁም ልትሸነፉ ትችላላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ለውል ክስ ስድስት ዓመት፣ ለአካል ጉዳት ደግሞ በመደበኛው ሦስት ዓመት ነው። ሌላ አገር ሌላ ነው፤ ጉዳይ በጉዳይም ይለያያል። "በሽማግሌ እየተነጋገርን ነው" ብሎ መቆየት ቀኑን ሁልጊዜ አያቆመውም። ይህ ማስፈራራት አይደለም፤ ይርጋ ያለፈበት ሰው ዓይን እያየሁ "ምንም ማድረግ አልችልም" ማለት ስለሚከብደኝ ነው የምጨቀጭቃችሁ።

የማታምኑበትን ጉዳይ ትይዛላችሁ? ትዋሻላችሁ?

መዋሸት አይቻልም። ለፍርድ ቤት አውቆ ሐሰት ማቅረብ ፈቃድ ያስነጥቃል፤ ሊያሳስርም ይችላል። አንድ ወገን ትክክል ነው ብዬ ሳላምን መከራከር ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ እውነቱ ለእኔም አይታወቀኝም፤ አልነበርኩማ። ሁለቱም ወገን በቅጡ ሲከራከር ዳኛው የተሻለ ያያል። ከዚህ በፊት ያማከርኩትን ሰው ዛሬ በዚያው ጉዳይ መክሰስ ግን አልችልም፤ ምስጢሩን ይዣለሁ። ለዚህ ነው ጠበቃ ገና ታሪካችሁን ሳይሰማ መጀመሪያ የወዲያኛውን ወገን ስም የሚጠይቃችሁ።

ክፍያችሁ እንዴት ነው?

በሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ቁርጥ ዋጋ፣ ወይም ከተፈረደው ላይ በመቶኛ። የመጨረሻው በአንዳንድ አገር ይፈቀዳል፣ በአንዳንዱ ይገደባል። ሌላው የምትጠይቁት ነገር፣ ብሸነፍ የወዲያኛውን ጠበቃ ወጪ እኔ እከፍላለሁ ወይ የሚለው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በመደበኛው ተሸናፊው ይከፍላል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን በአብዛኛው ሁሉም የራሱን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ስምምነታችሁ በጽሑፍ ይሁን። እኛ የምንኖረው በጽሑፍ ባልሰፈረ ስምምነት ጠብ ነው፤ ለራሳችንም እንዲሁ መሆን የለበትም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችሁን አይወስደውም?

ለማንበብና ለመደርደር ይረዳል። ግን በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ አየር መንገድ ላይ በቀረበ የጉዳት ክስ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው አቀረቡ፤ ዳኛው 5 ሺህ ዶላር ቀጣቸው። ፍርዱን ከፍተው አላነበቡትም ነበር። ያልከፈትኳትን ካርቶን ታስታውሳላችሁ? ያው ነው።

የአንድን ጠበቃ የሥራ ታሪክ ሳይ ምኑን ልመልከት?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የት እንደተማረ ነው። አይጎዳም፣ ግን ብዙ አይነግራችሁም። በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነችው ሩት ቤደር ጊንስበርግ በ1959 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት በአንደኛነት ከጨረሱት አንዷ ሆና ሥራ የሚሰጣት አጥታ ነበር፤ በ1970ዎቹ ግን በዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቃ ሆና ስድስት ጊዜ ቆማ አምስቱን ረታች። በዚያን ጊዜ ሴት በመሆኗ ያልቀጠሯት ምን እንዳጡ አስቡት።

እኔ ብሆን የማየው ሌላ ነው። ፈቃዱ ዛሬ የጸና ነው? የዲሲፕሊን ቅጣት አለበት? እንደ እኔ ጉዳይ ያለ ስንት ጊዜ ይዟል፣ ስንቱ እስከ ይግባኝ ሄደ? ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሠርቷል? ዳኛ የነበረ ሰው አንድ ክስ ከወንበሩ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ዋናው ግን አብራችሁ ስትቀመጡ የምታዩት ነው። ድክመታችሁን ከነገራችሁ ጥሩ ምልክት ነው። "መቶ በመቶ እናሸንፋለን" ካለ ተነሱና ሂዱ። ማንም ጠበቃ ይህን ማለት አይችልም።

ከጊዜ በኋላስ ወዴት ይኬዳል?

ጀማሪ የሰው መዝገብ እያነበበና ረቂቅ እየጻፈ ይጀምራል፣ ከዚያ ትንንሽ ቀጠሮዎች ይሰጡታል፣ ከዚያ የራሱን ደንበኛ ይይዛል። አንዳንዱ ሸሪክ ይሆናል፣ አንዳንዱ ዳኛ፣ ሌላው ገላጋይ ዳኛ ወይም የአንድ ድርጅት የሕግ ክፍል ኃላፊ። አስተማሪ የሚሆኑም አሉ፤ ሥነ ሥርዓትን የሚያስተምረው ችሎት የቆመ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ተከስሻለሁ፣ መጥሪያ ደርሶኛል። ጠበቃ ጋ ስሄድ ምን ልያዝ?

መጥሪያውን ከነፖስታው። መቼ እንደደረሳችሁና ማን እንደተቀበለው በማስታወሻ ጻፉ። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ፣ የማይጠቅም የሚመስላችሁንም ጭምር። ስልካችሁ ላይ ያለውን የመልእክት ልውውጥ አታጥፉ፣ አንዲት መስመርም አትቁረጡ። ለወዲያኛው ወገን ተናድዳችሁ ምንም አትጻፉ። የሆነውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በቀን በቀኑ አንድ ሁለት ገጽ ላይ አስፍሩት፤ የምታፍሩበትን ጭምር። ወረቀቱን እስክታሟሉ ድረስ ግን አትጠብቁ። መጥሪያው ላይ መልስ የምትሰጡበት ቀን አለ፣ አሁን ፈልጉት፤ ነገ ጠዋት ሂዱ።